«አረፍ ይበሉ አባባ»

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች «ስፖርት እሠራለሁ» የሚል አዛውንት ማግኘት ያስቸግራል። ደግሞስ ምን ሊያደርግላቸው? የጤፍ ማሳ ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ አራሹ እርፍ ጨብጦ ከበሬዎቹ ኋላ ሲመላለስ ይውላል። ሴቶቹ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ወፍጮው አለባቸው። ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚኬደው በእግር ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከክብር ጋር ነው። ልጅ ከተማ ገብቶ ቤት ይሠራል፤ አባቱን ከገጠር አምጥቶ ሶፋ ላይ ያስቀምጣል። አዛውንቱ ውኃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ «ኧረ አረፍ ይበሉ አባባ፣ እኛ እያለን!» ይባላሉ። ነገሩ ከፍቅር ነው። ይሁንና ዕድሜ ልካቸውን ሲንቀሳቀሱ የኖሩት ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቀመጫቸው ለመነሳት እጃቸውን መደገፍ ይጀምራሉ፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እርጅናም አለበት፤ ሁሉም ግን የእሱ ጥፋት አይደለም። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል። ይበልጥ የሚሳሱት ለቅጽበታዊ ጉልበት የሚያገለግሉት የጡንቻ ክሮች ናቸው። ለዚህ ነው አዛውንት እንቅፋት ሲመታቸው እግራቸውን ቶሎ ወደፊት ሰንዝረው ከመውደቅ መዳን የሚያቅታቸው። መቀመጥ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል።

ከዕድሜ ጋር መላ መቀየርን በተመለከተ ከማሞ ወልዴ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የሮጠው 800 እና 1,500 ሜትር ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ36 ዓመቱ፣ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ደግሞ ወርቅ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ የ40 ዓመት ሰው ሆኖ በማራቶን ነሐስ ወሰደ፤ ሰዓቱም 2:15:08 ነበር። ሜክሲኮ ላይ ካሸነፈበት 2:20:26 ይፈጥናል፤ እርግጥ ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት። ፍጥነት ሲቀንስ ርቀት ጨመረ እንጂ ጫማውን አልሰቀለም። ቀነኒሳ በቀለም በ2004 የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው፣ በሚያዝያ 2024 የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል።

«እነሱማ አትሌቶች ናቸው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ1990 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ግን የተሠራው በአረጋውያን መጦሪያ በሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 በሆነ ደካማ ሰዎች ላይ ነበር። ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲገፉ ቆይተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። መጠነኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርበት ርምጃ ነው። ጡንቻ ማጠንከሪያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሚዛን መጠበቂያ ደግሞ ሦስት ቀን ይጨመርበታል። ብዙዎች ርምጃውን ይዘው ሁለቱን ይረሳሉ፤ ከውድቀት የሚያድኑት ግን በተለይ እነዚህ ናቸው።

ለዚህ ጂም አያሻም። በሁዳዴ የሚሰግዱ እናት፣ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት የሚቆሙ አባት ጭንና ዳሌያቸውን እያሠሩ ነው። ለሌላው ቁጭ ብድግ አለ፦ ጉልበት የሚያም ከሆነ ከበርጩማ ሳይሆን ከፍ ካለ ወንበር፣ እጅን ሳይደገፉ። ለሚዛን ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ይበቃል። ሶምሶማ ጉልበትን ካስቸገረ ዳገት በእግር መውጣት ይተካዋል። ጅማት በዕድሜ ብዛት ቶሎ ስለማያገግም በከባድ ቀናት መካከል አንድ ሁለት ቀን ማረፍም ተገቢ ነው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከገበታ አይጥፉ፤ ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና።

በማግስቱ ጭን ቢዝል አያስደነግጥም፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ደረት ሲጨመቅ፣ ራስ ሲዞር ወይም ትንፋሽ ካለወትሮው ሲያጥር ግን ወዲያው ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።