ከሐጅ ጉዞ በፊት አሮጌውን ካርድ እንፈልግ

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ በፀዳም ሆነ በጎንደር ከተማ የኢሕራም ልብስ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ አውፍ ይባባላል። የክትባቱ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋል።

አንድ አባት እንበል። ከዓመታት በፊት ዑምራ ሲሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ወስደዋል። ዛሬ ለመገጣጠሚያ ሕመም በየቀኑ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ይውጣሉ። ካርዳቸው ጠፍቷል። «ከሐጅ እቀራለሁ» ብለው ሕመማቸውን ደብቀው ዳግመኛ ቢከተቡስ?

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ነገር ግን ሕያው ቫይረስ ይዟል። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በኤች አይ ቪ ክፉኛ በተዳከመ ሰው ላይ ይኸው ቫይረስ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ከሚያሰጋቸው ሀገሮች ስለምትቆጠር ሳዑዲ ዐረቢያ የክትባቱን ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ሆኖም ከሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ ምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት» የሚል የተጻፈበት አሮጌ ካርድም ቢሆን። ስለዚህ በሣጥን ሥር የተረሳው ቢጫ ካርድ እኚህን አባት ከማያስፈልግ መርፌ ያድናቸዋል። ካርዱ ከሌለ የከተባቸው ጤና ተቋም መዝገቡን እንዲያይላቸው ይጠየቅ። ክትባቱ የማይስማማው ሰው ደግሞ ሐኪም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጠዋል። የሚቀበለው ሀገር ወረቀቱን ያገናዝባል እንጂ መግቢያ ፈቃድ አይደለምና፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይጣራ።

የማጅራት ገትር ክትባት ግን ሕያው ተሕዋስ ስለሌለበት ለእነዚህ ወገኖችም ይሰጣል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ2000 እና በ2001 ከሐጅ ጋር ተያይዞ ተዛምቷል። ክትባቱ ሳዑዲ ዐረቢያ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት።

እንግዲህ ልጆች የወላጆቻችሁን ካርድ ዛሬውኑ ፈልጉ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን ጽፋችሁ ለከታቢው አሳዩ። ሐጅ ለቻለ ሰው ነው፤ ጤናም ከመቻል አንዱ ነው። ሕመምን ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም። አላህ ጉዞውን መብሩር ያድርግላቸው!