ጽሑፍ አንባቢ ሲያገኝ

ተማሪ በደብተሩ የሚጽፈው ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ አለው፤ እሱም መምህሩ ነው። መምህሩ የሚያነበው ሊያርም እንጂ ያላወቀውን ሊረዳ አይደለም። ውጤቱ ከታየ በኋላ ደብተሩ ይዘጋል፣ ተማሪውም ያንን ጽሑፍ ዳግም አይነካውም። የጻፈውን ሌላ ሰው አንብቦ ሲጠይቀው፣ ሲቃወመው ወይም ሲያደንቀው ግን ቃላቱን መለስ ብሎ ለመመርመር ምክንያት ያገኛል።

የቅኔ ቤት ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የቆመው ሌላው ሰምቶ በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ቃሉን አቃንቶ ምሥጢሩን ይፈትሽለታል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ከተባለው ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) ቅኔ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የተባለ ቅኔ ስለማይደገም ሁልጊዜ አዲስ ማፍለቅ ግድ ነው። እንደ አዲስ አበባው አራዳ ጊዮርጊስ ባሉ አድባራት ቅኔው በሊቃውንት ፊት ሲቀርብ፣ ያማረው «ይበል» ይባልለታል፤ የተዛነፈውም ከአዋቂ ጆሮ አያመልጥም።

ጽሑፍን ለአንባቢ ማድረስ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ተሞክሯል፤ በፈረንሳይ ሰለስተን ፍረኔ የተባለ የገጠር መምህር በ1917 ዓ.ም. ትንሽ ማተሚያ ወደ ክፍሉ አስገባ። ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ያዩትን ይጽፋሉ፣ የመረጡትን አብረው ያርማሉ፣ ፊደል ለቅመው ያትማሉ፣ ከዚያም በሌላ አውራጃ ላሉ ተማሪዎች በፖስታ ይልካሉ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችም ስለ አገር መሻሻል ይጽፉበት ነበር። በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች «የኮሌጅ ቀን» በተባለው በዓል ግጥማቸውን በአደባባይ አንብበዋል፤ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. ያቀረበው «ደሃው ይናገራል» እስከ ዛሬ ይነሣል።

ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያና የግድግዳ ጋዜጣ አለ። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ የተገለበጠ ቀልድና ጥቅስ ይበዛበታል፤ መልስ የሚጻፍበት ቦታም የለውም። ብሔራዊ ፈተናውም የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ድርሰት ወደ ዳር መገፋቱ አያስደንቅም።

ሆኖም ለተማሪ ጽሑፍ አንባቢ ማግኘት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ቸርችል ጎዳና አጠገብ የሚማር ልጅ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርደውን መንገድ ደብረ ማርቆስ ላለ እኩያው ቢጽፍለት፣ ያኛው «ለገሃር ምንድን ነው? ፖስታ ቤቱ ከላይ ነው ከታች?» ብሎ ይጠይቃል። የአዲስ አበባው ልጅ ሁሉም ያውቀዋል ብሎ የዘለለውን ነገር ያኔ ያስተውላል። አብሮት የሚማር ጓደኛው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ መንገዱን ያውቀዋልና።

ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል መምህር ሁሉንም በየሳምንቱ ላርም ቢል አይችልም። ተማሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዲያነብ ቢያደርግ ግን ሸክሙ ይቀልለታል። አስተያየት ሰጪው «ጎበዝ» ከማለት አልፎ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር ለይቶ እንዲያሳይ ከመነሻው በምሳሌ ማስለመድ ያስፈልጋል፤ መሳለቅም መከልከል አለበት፤ አንዴ የተሳቀበት ልጅ እንደገና ለመጻፍ ይፈራል። ጽሑፉ በስልክ የሚሰራጭ ከሆነ የልጁ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፎቶ አብሮ መውጣት የለበትም። ነጥብ መሰጠት ያለበትም ለመጀመሪያው ረቂቅ ሳይሆን፣ ረቂቁና ከአስተያየት በኋላ የተጻፈው ጎን ለጎን ታይተው ተማሪው ምን እንዳሻሻለ ሲለይ ነው።