ገበሬ የሚለው ስም በእንግሊዝ አገር ምን ደረሰበት?

ስንናገር ቃል ሁሉ ትርጉሙን ሳይለውጥ የሚኖር ይመስለናል። ነገር ግን ቃልም እንደ ማሳ ነው፤ የያዘው ሰው ሲለወጥ እርሱም ይለወጣል። ይህን ለማየት የጥንቱን እንግሊዝኛ እንመልከት። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረውን ቋንቋ የዛሬ እንግሊዞች እንኳ ሳይማሩት አይረዱትም።

እንግሊዞች ጌታን «ሎርድ» ይሉታል። ቃሉ በጥንት ጊዜ ዳቦ ጠባቂ ማለት ነበር። እመቤት የምትባለው «ሌዲ» ደግሞ ሊጥ የምታቦካ ነበረች። በጌታው ቤት የሚያድረው ሎሌስ? እርሱ «ዳቦ በላ» ይባል ነበር። ዳቦውን ማን ዘራው፣ ማን አጨደው? ይህ በስማቸው ውስጥ የለም።

የሚዘራው ሰው «ገቡር» ይባል ነበር። የእኛን «ገበሬ» ይመስላል፤ ዳሩ ግን ድምፁ ገጠመ እንጂ ቃላቱ አይዛመዱም። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ አንድ ሰነድ እንደሚለው፣ ገቡር መሬት ሲይዝ ጌታው ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ስድስት በግ ይሰጠዋል። እርሱም በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአጨዳ ጊዜ ሦስት ቀን የጌታውን ሥራ ይሠራል። ሲሞት የተረፈውን ጌታው ይወስዳል። እንግዲህ ይህ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? አንባቢ ይፍረድ።

ከገቡር ሻል ያለው «ቸርል» ነበር። ቸርል ነፃ ሰው ነው። ቢገደል ለዘመዶቹ የደም ካሳ ይከፈላል፤ ዌሴክስ በሚባለው ግዛት ካሳው 200 ሺሊንግ ነበር። ለመኳንንቱ ግን 1,200 ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ሰሜን ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። መሬቱም የእነርሱ ሆነ፤ ፈረንሳይኛም የጌቶች ቋንቋ ሆነ። ብዙው ቸርል ከነፃነቱ ወረደ፤ ስሙም አብሮት ወረደ። ዛሬ አንድን እንግሊዛዊ «ቸርል» ቢሉት ባለጌ ማለት ነው። ከፈረንሳይኛ የገባው «ቪለን» የሚለው ቃል ደግሞ ጭሰኛ ማለት ነበር፤ ያለ ጌታው ፈቃድ ከመሬቱ ንቅንቅ የማይል ሰው። ዛሬ ክፉ ሰው፣ ተንኮለኛ ማለት ሆኗል። ገበሬው ምን በደለ? ብዕሩን የያዙት ጌቶቹና የጌቶቹ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ እርሱ መልስ አይጽፍም።

የእኛንም «ባላገር» ልብ በሉ። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከተማ ስንገባ ግን ስድብ ሆኖ ይጠብቀናል።

ገቡር የሚለው ቃል ለብቻው ጠፍቷል። ሆኖም እንግሊዞች ጎረቤትን «ኔበር» ይሉታል። ይህም «ቅርብ» እና «ገቡር» ከሚሉ ሁለት የጥንት ቃላት የተገጠመ ነው፤ በአጠገብ ያለ ገበሬ እንደ ማለት ነው። ሞፈርና ቀንበር አይቶ የማያውቅ የለንደን ሰው ዛሬም ጎረቤቱን በዚሁ ስም ይጠራዋል።