ከገላባት ምሽግ ማዶ

ከጓዶችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር መተማ ላይ ቆመን፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ የገላባትን የምሽግ ጉብታ ተመለከትን። ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት የደርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። ድሉ ሊጨበጥ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ጦሩም ተፈታ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ብርጋዴር ስሊም 12 ታንኮች አሰልፎ ገላባትን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ ዳሩ ግን አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በቋጥኝ ተሰናክለው መተማን ሳይዝ ቀረ።

ይህን ስናስረዳ፣ ሕፃናቸውን አዝለው የቆሙ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ «በንጉሡ ዘመቻ ስንቁን ማን ተሸከመ?» ሲሉ ጠየቁን።

ሴቶች ነበሩ። እህል እየፈጩ፣ ውኃ እየቀዱ፣ ከሠራዊቱ ኋላ እስከዚህ ቆላ ድረስ ወርደዋል። በጦር አካዳሚ የጦሩን አሰላለፍ በሚገባ አጥንተናል፤ ከእነዚያ ሴቶች ግን የአንዲቷን እንኳ ስም ልንጠራላቸው አልቻልንም። እርሳቸውም አንቀልባቸውን አጥብቀው ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ።