ትእዛዙን ማን ያስታውስ? የቢሮ ሶፍትዌር በይነገጽ ዳሰሳ

ደብዳቤ የሚጻፍባቸው፣ ሒሳብ የሚሠራባቸውና ሰነድ የሚዘጋጅባቸው የቢሮ ፕሮግራሞች ከአርባ ዓመት በላይ ሲያገለግሉ መሠረታዊ ሥራቸው ብዙም አልተለወጠም። ያኔም ይጻፋል፣ ይታረማል፣ ይታተማል፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ የተለወጠው በይነገጻቸው ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ለፕሮግራሙ የሚያስታውቅበት፣ ፕሮግራሙም የሚችለውን ለሰው የሚያሳይበት ገጽ። ብዙዎች ይህን ለውጥ የመልክና የቀለም ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ትእዛዞችን የማስታወሱ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ፣ በተጠቃሚው ወይስ በስክሪኑ? የዘርፉ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ሲመዘን፣ ጸንተው የቆዩት ንድፎች ሁለት ነገር ያሟሉ ሆነው ይገኛሉ። ትእዛዙን በዓይን የሚታይ ያደርጋሉ፤ የታየውንም ከቦታው አያንቀሳቅሱም።

ጅማሬው ሸክሙን በሰው ላይ የጣለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ዎርድስታር በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጠቋሚውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማንቀሳቀስ የኮንትሮል ቁልፍን ይዞ ኢ፣ ኤክስ፣ ኤስ ወይም ዲ የተባሉትን ፊደላት መንካት ያስፈልግ ነበር። በ1980ዎቹ የነገሠው ዎርድፐርፌክት ደግሞ ስክሪኑን ባዶ ትቶ ትእዛዞቹን በኤፍ ቁልፎች ላይ ደለደላቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ ብቻውን ወይም ከሺፍት፣ ከኦልትና ከኮንትሮል ጋር ሲነካ የተለያየ ሥራ ስለሚሠራ፣ ጸሐፊዎች ኪቦርዳቸው ላይ የትእዛዝ ዝርዝር የታተመበት ወረቀት ያስቀምጡ ነበር። ፕሮግራሙ ያላሳየውን ወረቀቱ ያሳይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የተለየው መንገድ የተጠረገው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነው። በ1973 በተሠራው አልቶ ኮምፒውተር ላይ በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ ብራቮ የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ በስክሪን የሚታየው በወረቀት ከሚታተመው ጋር ተመሳሰለ። ሆኖም ብራቮ አንድ አሮጌ ችግር አልለቀቀውም፤ አንዱ ፊደል አንዴ ጽሑፍ፣ አንዴ ትእዛዝ ይሆን ነበር። በትእዛዝ ሁኔታ ላይ እያለ ሳያውቅ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ቲ ብሎ የጻፈ ሰው ሲኖር፣ ፕሮግራሙ ሰነዱን በሙሉ መርጦ ያጠፋና በምትኩ ቲ የምትባለዋን ፊደል ብቻ ያስገባ ነበር። ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በ1975 ባዘጋጁት ጂፕሲ ይህን ሁለት መልክ አስቀሩት። ፊደል መንካት ምንጊዜም መጻፍ ሆነ፤ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቆርጦ መለጠፍም እዚያ መልክ ያዘ። ሐሳቡ በ1981 በዜሮክስ ስታር፣ በ1983 በአፕል ሊሳ፣ በ1984 በማኪንቶሽ አልፎ ገበያውን ያዘ። ሲሞኒም ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግሮ የዎርድን ሥራ መራ። ትእዛዞችን በስክሪን ዘርዝሮ የሚያሳየው ሜኑ ያሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ያየውን ለይቶ ማወቅ፣ ያላየውን ከማስታወስ ይቀለዋል።

ሰው አንዴ የለመደው ግን በቀላሉ የማይለወጥ ሀብት ይሆናል። ይህን በግልጽ ያሳየው በሎተስና በቦርላንድ ኩባንያዎች መካከል የተካሄደው ሙግት ነው። በ1983 የወጣው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ሎተስ 1-2-3 የትእዛዝ ዝርዝሩን በስክሪኑ አናት ላይ ያሳይ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኞችም ቅደም ተከተሉን በጣታቸው አጠኑት። ቦርላንድ በተፎካካሪው ኳትሮ ፕሮ ላይ ያንኑ ዝርዝር ሲያቀርብ ሎተስ ከሰሰው። በ1995 ቦስተን የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሜኑው ትእዛዞች የአሠራር ዘዴ ስለሆኑ በቅጂ መብት አይጠበቁም ሲል ፈረደ። በዓመቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አራት ለአራት እኩል ስለተከፈሉ ፍርዱ ጸና። በይግባኙ የተሰየሙት ዳኛ ማይክል ቡዲን ለብቻቸው ባሰፈሩት ሐሳብ፣ ተጠቃሚዎች ሜኑውን ለመማር ያወጡት ድካም ለአንድ ኩባንያ መያዣ እንዳይሆን አሳስበዋል። በይነገጽ በፈጣሪው ብቻ ሳይሆን በለማጁም ድካም የሚገነባ መሆኑ በፍርድ ቤት መዝገብ ሰፈረ።

የሜኑ ዘመን ፈተና የመጣው ከራሱ ስኬት ነው። በየእትሙ አዲስ ችሎታ ሲጨመር ሜኑው ረዘመ፤ በዎርድ 2003 የቱልባሮቹ ቁጥር 31 ደረሰ። ማይክሮሶፍት ቀደም ሲል በኦፊስ 2000 የሞከረው መፍትሔ ብዙ ያልተነኩትን ትእዛዞች የሚደብቅ፣ እንደ ተጠቃሚው ልማድ ራሱን የሚቀያይር ሜኑ ነበር። ብልህ ቢመስልም ሁለቱንም ሕጎች ጣሰ። የተደበቀው አይታይም፤ የሚታየውም ትናንት በነበረበት አይገኝም። ስለዚህ በጄንሰን ሀሪስ የተመራው የንድፍ ቡድን ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች የላኩትን የአጠቃቀም መረጃ መረመረ። በዎርድ 2003 መለጠፍ፣ ማስቀመጥ፣ መቅዳት፣ መመለስና ማድመቅ ብቻቸውን ከትእዛዝ አጠቃቀሙ 32 በመቶ ያህሉን ይዘው ተገኙ፤ መለጠፍ ለብቻው ከ11 በመቶ በላይ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በኦፊስ 2007 ሪበን መጣ፤ ትእዛዞቹ በሥራ ዓይነት ተቧድነው፣ የሚዘወተሩት ጎልተው፣ በማይቀያየር ቦታ ተቀመጡ።

የነባር ተጠቃሚዎች ቁጣ ከባድ ነበር፤ መሠረት የሌለውም አልነበረም። ለዓመታት ያጠኑት መንገድ በአንድ እትም ተቀየረባቸው። ታዲያ ቦታን አለማንቀሳቀስ ሕግ ከሆነ ሪበን ራሱ እንዴት ተሳካ? መልሱ ለውጡ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያለቀ ዋጋ መሆኑ ነው። ራሱን የሚቀያይረው ሜኑ ዕለት ዕለት ያስከፍል ነበር፤ ሪበን ግን አንዴ ካፈናቀለ በኋላ መሠረታዊ አቀማመጡን እንደጠበቀ ቆየ። ከዚህም ሌላ ከቀድሞው እትም አብዛኞቹን የኦልት ቁልፍ ቅንብሮች አስቀጥሏል፤ በጣታቸው የሚሠሩት ሰዎች ብዙ አልተጎዱም። ስሕተት በሠራበት ቦታም ሕጉ ራሱን አስከብሯል። በ2007 እትም የፋይል ሜኑን የተካው ክብ አዝራር አርማ ስለሚመስል ብዙዎች ሳይነኩት አለፉ፤ በ2010 ፋይል የሚለው ጽሑፍ ተመለሰ።

ሌላው ክርክር የባለሙያዎች ነው፤ የሚታይ ትእዛዝ ለጀማሪ ይጠቅማል እንጂ ፈጣኑን ያዘገየዋል ይላሉ። የቁልፍ ቅንብር ከማውስ መፍጠኑ እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱ አይጣሉም፤ ሜኑው ከትእዛዙ ጎን አቋራጩን ሲጽፍ ጀማሪውን ራሱ ወደ ባለሙያነት ያሸጋግረዋል። ጀማሪውስ ቢሆን ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ሊታየው ይገባልን? ጆን ካሮልና ካሮላይን ካሪተርስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ የላቁ ትእዛዞችን ለጀማሪዎች ዘጉባቸው። ተማሪዎቹ ሥራ ለመጀመር ፈጠኑ፤ በስሕተት የሚባክነው ጊዜያቸውም ቀነሰ። ይህ ራሱን ከሚቀያይረው ሜኑ ጋር አይምታታ። የተዘጋው ትእዛዝ ከሜኑው አልጠፋም፤ ሲነካ እንደማይሠራ ይናገር ነበር። መገደብና መደበቅ የተለያዩ ናቸው።

ገበያው ዛሬም አንድ መልክ ብቻ አልያዘም። ሊብሬኦፊስ ነባሩን ሜኑና ቱልባር እንደያዘ ሪበን መሰሉን በምርጫ አቅርቧል፤ ጉግል ዶክስ ትእዛዞቹን ቀንሶ ሜኑው ውስጥ መፈለጊያ ጨምሯል። የአማርኛ በይነገጽ እያለም እንግሊዝኛውን በሚጠቀሙት የአገራችን ቢሮዎች የቦታ መጽናት ይበልጥ ያስፈልጋል። የሜኑውን ቋንቋ አሳምሮ የማያነብ ሠራተኛ የሚመራው በምልክቱና በቦታው ነውና፣ እነዚያ ሲነሡበት የሚይዘው ነገር ያጣል።

አሁን የመጣው ፈተና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2023 ኮፓይለትን ለኦፊስ ሲያስተዋውቅ፣ የሚፈልጉትን በተራ ቋንቋ ይጠይቁ የሚል ተስፋ ይዞ ነበር። ደጋፊዎቹ ማሽኑ ንግግር ከተረዳ የሚታወስ ትእዛዝ አይኖርም ይላሉ። የትእዛዙን ስም ማስታወስ መቅረቱ ትክክል ነው፤ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ማወቅ ግን አልቀረም። ባዶ የጥያቄ ሳጥን የሚችለውን አይዘረዝርም፤ ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ሲያቀርቡለትም መልሱ ሊለያይ ይችላል። በዚህ ረገድ ከዎርድፐርፌክት ባዶ ስክሪን ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሳጥኑ በሜኑው ቦታ ከሚተካ ይልቅ ከጎኑ ቢቆም ይሻላል፤ ያደረገውንም በሚታዩት ትእዛዞች ስም ቢገልጽ ተጠቃሚው ሥራውን መመርመር፣ ማረምና ነገ ራሱ መድገም ይችላል። የቢሮ ሠራተኛ ከፕሮግራሙ የሚጠብቀው ተአምር አይደለም፤ ዛሬ የተማረው ነገም እንዲሠራለት ነው። አዲስ በይነገጽም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።