በዘቢዳር ሸንተረር ላይ የሚገኙ የመስከረም አበቦች

ከእንሴኖ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው ሜዳው ከቡታጅራ ባሻገር ባንድ ጊዜ ተቋርጦ ተራራ ሲሆን ያያል። ይህ ተራራ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ ዘቢዳር የሚባለው ጫፉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,700 ሜትር ይበልጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው በሸንተረሩ ላይ ያየናቸው አበቦች ለምን በመስከረም እንደሚፈኩና ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደሚሻገሩ ነው።

እኛ ተማሪዎች ረጅሙን ዕረፍት የምናገኘው በክረምት ስለ ሆነ በመጀመሪያ የወጣሁት በሐምሌ ነበር፤ ከጉም፣ ከጭቃና ከማገጥ በቀር ብዙም አላየሁ። ሁለተኛ ጊዜ የወጣነው በመስቀል ሰሞን፣ ጉራጌ ከየከተማው ወደ አገሩ በሚገባበት ጊዜ ነው። ከእንሴኖ በሌሊት ተነሥተን እስከ ቡታጅራ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን።

ቡታጅራ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ እስከ ጫፉ ያለው ዳገት 1,600 ሜትር ያህል ነው። አየሩም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እንሴኖ ላይ በርበሬና በቆሎ የነበረው ማሳ ወደ ላይ ሲወጣ እንሰት፣ ከዚያ ገብስ፣ ከገብሱም በላይ አስታና ጓሳ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው ዐደይ አበባ ነው። እንደ አንድ አበባ የምናየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ለወገኑ ያወጡለት ስም ባይደንስ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ ሱሪያችን ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም የዚሁ ወገን ነው። ኑግና መጭ ከሩቅ ይመስሉታል፤ እኔም አንድ የኑግ ማሳ ዐደይ ነው ብዬ ጓደኞቼ ሲሥቁብኝ ውለዋል።

ዐደይ በዝናቡ ይበቅላል፤ ክረምቱን ሁሉ ቅጠልና ግንድ ሲያበጅ ይቆያል። ዝናቡ ሲቀንስ፣ ፀሓይ ስትወጣና ንብ ከቀፎ መውጣት ስትችል ይፈካል። በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር ዋና ቀለብ ከሚሆኑት አበቦች አንዱ እርሱ ነው። ዘሩን ከጣለ በኋላ ይሞታል፤ በበጋው ወራት ከዘሩ በቀር ምንም አይቀርለትም። ቀይና ብርቱካንማ አበባውን እንደ ችቦ የሚያቆመው አሸንዳ ግን ከሥሩ ይመለሳል። አስታም ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ስለዚህ ማረሻ ሁሉንም በአንድ መንገድ አይጎዳቸውም። ዐደይ በማሳ ዳርና በእዳሪ መሬት ዘሩን እየጣለ ሊቆይ ይችላል፤ ሥሩ የተገለበጠ አሸንዳና ጉቶው ለማገዶ የተነቀለ አስታ ግን አይመለሱም። ከገብሱ በላይ አዲስ የተፈነቀለ መሬት አይተን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብንጠይቅ፣ «ልጄ፣ አበባው ያለው ካልታረሰው ላይ ነው፤ ልጆቼ መሬት ስጠን የሚሉኝም ያንኑ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኔ እንደሚመስለኝ ሽቅብ አትረሱ ብሎ ማዘዝ ለኛ ቀላል፣ ለእርሳቸው ግን ረኀብ ነው። ሆኖም በማሳዎቹ መካከል ሰፋ ያለ ወሰን ሳይታረስ ቢቀር የሚጠፋው እህል ጥቂት፣ የሚተርፈው አፈር ብዙ ነው። ነገሩ ለላይኛው ሰው ብቻ አይደለም፦ በዚህ ሸንተረር ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ በምዕራብ የሚወርደው በዋቤ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ይሄዳል። ከላይ የተጠረገው አፈርም ከውሃው ጋር ይወርዳል።

ጫፉ ድረስ ሳንደርስ ቀን ስለ መሸብን ተመለስን። ሦስት የዐደይ ናሙና በጋዜጣ መካከል ተጭነን አመጣን፤ የአሸንዳው ግንድ ግን ወፍራም ስለ ሆነ አልደርቅ ብሎ ሻገተ።