ያውቁ ኖሯል? ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የተገኘ መድኃኒት አድራሽ

የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርስ ተሰፍተው የተጣበቁ ያህል ናቸው። በዚህም ምክንያት በደም የሚዘዋወሩ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ወደ አንጎል አይዘልቁም።

በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር መላ ያገኙት ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የነርቭ ሴሎችን ከሚይዝበት ፕሮቲን ላይ 29 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉትን ቁራጭ፣ ማለትም ፔፕታይድ፣ ወሰዱ። ቁራጩ ብቻውን በሽታውን አያመጣም፤ ከቫይረሱ የወረሰው የነርቭ ሴል ላይ መጣበቁን ነው። ጫፉ ላይ አርጊኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ 9 ጊዜ ደጋግመው ቀጠሉበት። አርጊኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን አርኤንኤ አጥብቆ ይይዛል።

በቁራጩ ላይ እንደ መድኃኒት የተጫነው አርኤንኤ የአንጎል ብግነት የሚያስከትል ቫይረስ እንዳይራባ የሚያግድ ነበር። በአይጦች ደም ሥር ሲወጋ አንጎላቸው ደረሰ፤ በቫይረሱ ከተያዙት አይጦችም አብዛኞቹ ከሞት ተረፉ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን የመንገዱ ነገር ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከተነከሰው ቦታ ወደ አንጎል የሚወጣው በነርቭ ሲሆን፣ ቁራጩ ግን በደም በኩል ገባ።